ኦበርግሪስ ወይስ ሌርሽባህ

ዘንድሮ የመምረጡ ተራ የእኔ ነበር። አራት ስለሆንን በየአራት ዓመቱ ይደርሰኛል፤ ይህ ስድስተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ተራዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርታ ወለል ላይ ዘርግቼ ተንበርክኬ ሳጠና እንደነበር አስታውሳለሁ። በዚህኛው ግን ኅዳር ሲገባ የተሰማኝ ነገር ድካም ብቻ ነበር። ሻንጣ ሳይዙ፣ ገና ከቤት ሳይወጡ የሚመጣ ዓይነት ድካም።

ደንባችን አጭር ነው። በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ፣ ከምሳ በፊት፣ ሬገንስቡርግ ከተማ ወንዙ ዳር ባለው ምግብ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ባለው ጠረጴዛችን እንቀመጣለን። ባለተራው የሁለት የበረዶ ሸርተቴ መንደሮችን ስም ይዞ ይመጣል። ሌሎቹ ይጨቃጨቃሉ። የገና በዓል ሳይደርስ ባለተራው ከመሪያችን ከኮርቢኒያን ጋር ሄዶ አንደኛውን በዓይኑ ያያል። በጥር የመጀመሪያ እሑድ ምርጫውን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። የካቲት ላይ ለአንድ ሳምንት እንሄዳለን።

"በይ እንግዲህ፣ እመቤት ሚዛን፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ?" አለ ኦትማር።

ኦትማር ጥርስ ሐኪም ነው። "እመቤት ሚዛን" የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ እኔ ጌርሊንደ እባላለሁ። ሥራዬ የሚዛንና የመለኪያ ምርመራ ነው። የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የነዳጅ ማደያ ቆጣሪ፣ የእህል መጋዘን ባስኩላ ትክክል መሆኑን የምፈትሽ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

"ኦበርግሪስና ሌርሽባህ" አልኩ።

"ሌርሽባህ?" ኦትማር ማንኪያውን አስቀመጠ። "እዚያ እኮ ሕፃናት በገመድ ታስረው ነው የሚማሩት! እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሹራብ እየሠራች ትወርደዋለች።"

"እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካንተ ትሻል ነበር" አለች ኢርምትራውድ። "ጭፈራውስ? ጭፈራውን ንገሪን።"

ኢርምትራውድ መድኃኒት ቤት አላት፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቁልቁለቱ እስከ ምሳ ድረስ ያስደስታታል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ያን ከባድ የሸርተቴ ጫማ ሳታወልቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ ካልዘፈነች፣ ቀኑን እንደ ባከነ ነው የምትቆጥረው። ለዚህ ነው የምንመርጠው ቦታ ሁለት ነገር ማሟላት ያለበት፤ ለኦትማር ልብ የሚሰቅል ተዳፋት፣ ለእሷ ሞቅ ያለ መንደር።

"ጭፈራው ሌርሽባህ ይበልጣል" አልኩ። "ሰው በገመድ ወደ ተራራው ከሚወጣበት ጣቢያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አሥራ አንድ መጠጥ ቤት አለ። ኦበርግሪስ ዘጠኝ። የኦበርግሪስ ቁልቁለት ግን…"

"ቁልቁለቱን እኔ አውቀዋለሁ" አለ ኮርቢኒያን።

እሱ ሲናገር ጠረጴዛው ዝም ይላል። ኮርቢኒያን ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ላይ የኖረ ጣሪያ ሠሪ ነበር። ከተደለደለው መንገድ ወጥተን ማንም ያልረገጠው በረዶ ውስጥ ስንገባ የሚቀድመው እሱ ነው። ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ዱላውን ያነሣል፤ ያኔ እኛ አንድ በአንድ እንከተላለን። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከመካከላችን አንድ ሰው ጣቱ እንኳ አልተሰበረም። ሚስቱ ሜሕትሂልድ ከሦስት ዓመት በፊት ከሞተች ወዲህ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ለዚያች ሳምንት ነው። ከየካቲት ተመልሰን መጋቢት ሳይጋመስ ይደውልና "የሚቀጥለው ተራ የማነው?" ይላል።

"ኦበርግሪስን እናየዋለን" አለ ወደ እኔ እያየ። "እኔና አንቺ።"

ሌርሽባህን ለምን እንደጨመርኩ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እዋሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተደለደለው መንገድ ውጪ የሚንሸራተት ሰው ደረቱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል መሣሪያ ያስራል። የበረዶ ናዳ ቢቀብረው መሣሪያው ምልክት ይልካል፤ ጓደኞቹ የራሳቸውን ወደ መፈለጊያ አዙረው ያገኙታል። ስለዚህ ጠዋት ከመውረዳችን በፊት ኮርቢኒያን የራሱን ወደ መፈለጊያው ያዞርና ይቆማል። እኛ ተራ በተራ በፊቱ እናልፋለን። ለእያንዳንዳችን ሲጮኽለት የሁላችንም እንደሚሠራ ያውቃል። ከዚያ የራሱን ወደ መላኪያው መመለስ አለበት። ካልመለሰው፣ በረዶ ቢውጠው ማንም አይሰማውም።

ትክክለኛው አሠራር ሌላም ደረጃ አለው፤ መሪውም ይፈተሻል። እኛ ግን አንድም ቀን ፈትሸነው አናውቅም። ደንብ አውጥተን አይደለም። ኮርቢኒያን ፊት መሣሪያ ይዞ ቆሞ "እስቲ እለፍ" የሚለው ማን ነው? ነውር ይመስለን ነበር። በሥራዬ ቢሆን ይህን አላልፍም። የሥጋ ቤቱን ሚዛን የምፈትሽበት የናስ ክብደት ራሱ በየዓመቱ በሣጥን ታሽጎ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ይፈተሻል። ይህን እያወቅሁ ሃያ ሦስት ዓመት አለፍኩ።

ባለፈው የካቲት፣ ምሳ ላይ፣ ኮርቢኒያን ጃኬቱን ሲያወልቅ የመሣሪያው ማዞሪያ መፈለጊያው ላይ እንደቆመ አየሁ። ምናልባት ጃኬቱን ሲያወልቅ ነክቶት ይሆናል አልኩ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ልኬት ብቻውን አይመዘገብም፤ መደገም አለበት። ስለዚህ ዝም አልኩ። ከየካቲት እስከ ኅዳር።

ኦበርግሪስን ብመርጥ ኮርቢኒያን ይመራል፤ እኔም ከኋላው ሆኜ ደረቱ ላይ ያለው ነገር ይናገር አይናገር ሳላውቅ እወርዳለሁ። ሌርሽባህን ብመርጥ ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለሆነ የሚመራበት ቦታ የለም፤ ያቺን ሳምንት ከእጁ ወሰድኩበት ማለት ነው፤ እሱም ለምን እንደሆነ ሳልነግረው ይገባዋል። ሁለት ሰው ማጣት ይቻላል፤ አንዱን በናዳ፣ አንዱን በቂም። የሚያሳዝነው ሁለቱም ያው አንድ ሰው መሆኑ ነው።

ለገና በዓል አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሳይነጋ በእሱ መኪና ተነሣን። መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ነበር፤ የጎረቤቱ ልጅ ስለሠራው ጣሪያ፣ ቆርቆሮው ስለተገጠመበት አሳፋሪ ሁኔታ፣ ሜሕትሂልድ የመኪና ሙቀት አልወድም እያለች በክረምት መስኮት ስለመክፈቷ። እኔ አልፎ አልፎ "እህ" እል ነበር።

"ምንድን ነው አፍሽን የቆለፈው?" አለኝ በመጨረሻ።

"ደክሞኝ ነው።"

"በአምሳ ስምንት ዓመትሽ? እኔ በአንቺ ዕድሜ በቀን ሁለት ጣሪያ እገለብጥ ነበር።"

"ጣሪያ እኮ አቤቱታ አይጽፍም። ባለ ሥጋ ቤት ይጽፋል።"

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

በኦበርግሪስ የገመድ ጣቢያ ሰሌዳው ላይ የዕለቱ የናዳ ስጋት ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ከአምስት። ይህ ለቦታው መካከለኛ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ስድስት፣ ነፋሱ ከምዕራብ፣ ቀላል። ሁለት ቀን የቆየ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል አዲስ በረዶ ነበር። በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ካቢን ውስጥ ከእኛ ጋር ስድስት የሆላንድ ወጣቶች ተሳፍረው ጥቁር ምልክት ስላለው አስቸጋሪ መንገድ ይጯጯኹ ነበር። ኮርቢኒያን በመስኮቱ ወደ ታች እያየ በጣቱ አንድ ነጭ ሸንተረር አሳየኝ።

"ያ ነው። ከሁለቱ ዐለቶች መሐል። ኦትማር ሲያየው ጥርሱን ይነቅላል።"

"የራሱን?"

"ሌላ ማን እዚያ ይገኝለታል?"

እላይ ስንደርስ ከተደለደለው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወጣ ብለን ቆምን። ኮርቢኒያን መሣሪያውን አወጣ፤ ማዞሪያውን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገው፤ ወደ መፈለጊያው ማለት ነው። መሣሪያው የቆየ ነው፤ አዲሶቹ ከተረሱ በራሳቸው ወደ መላኪያው ይመለሳሉ፤ የእሱ አይመለስም። በፊቱ አለፍኩ። ጮኸለት።

"ትኖሪያለሽ" አለ፤ በየዓመቱ ለሁላችንም የሚለው ይህንኑ ነው። መሣሪያውን ወደ ደረቱ መለሰ። ዚፑን ዘጋ።

ቀጭ የሚል ድምፅ አልሰማሁም።

ነፋሱ ቀላል ነበር፤ ጆሮዬ ደኅና ነው። ግን ጆሮ ልኬት አይደለም። እሱ ሸርተቴውን ሲያስር ዞር ብዬ የራሴን መሣሪያ ወደ መፈለጊያው አዞርኩት። ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ምንም አላሳየኝም። ቁጥር የለም፤ ቀስት የለም። አሥር ሰከንድ ቆጠርኩ። ምንም። መልሼ ወደ መላኪያው አዞርኩት፤ የእኔ ቀጭ ቀጭ አለ፤ እሱ አልሰማም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ኮርቢኒያን፣ አልመለስከውም" ማለት ብቻ። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ሌላ ሐሳብ ቀደመኝ፤ ራሱ ያስታውስ ይሆን ወይ የሚል። ከመውረዱ በፊት ደረቱን የመነካካት ልማድ አለው። ከነካው፣ ካስታወሰ፣ የየካቲቱ አጋጣሚ ነበር ማለት ነው፤ ኦበርግሪስን በሰላም እመርጣለሁ። ካልነካው ደግሞ ልኬቱ ተደገመ ማለት ነው። ልጠብቅና ልይ አልኩ።

አልነካውም። "ዱላዬን ሳነሣ ነይ" ብሎ ወረደ።

በጥሩ ሁኔታ ነበር የሚወርደው፤ ይህን መካድ አልችልም። ጉልበቱ ለስላሳ፣ መታጠፊያው አጭር፣ በረዶው ከኋላው እንደ ዱቄት ይነሣል። ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከእሱ በስተግራ፣ አሥር ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ የበረዶው ገጽ ተሰነጠቀ። ድምፁ ጠረጴዛ ላይ የተጣለ መጽሐፍ ያህል ነበር። የአንድ ሳሎን ወለል የሚያህል በረዶ ተገንጥሎ ተንሸራተተ፤ ዐለቱ ሥር ደርሶ ተከመረና ቆመ። ክምሩ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ይመስለኛል፤ ከላይ ሆኖ መለካት አይቻልም። ኮርቢኒያን ወደ ቀኝ ወጥቶ ቆመ። ክምሩን አየ። ከዚያ ዱላውን አነሣ።

ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ ስለ ራሴ እንዲህ ብዬ መጻፍ የማልወድ ሰው ነኝ።

"አየሽው?" አለኝ፤ ፊቱ ቀልቷል። "ትንሽ ነው። ወደ ቀኝ ከያዝን ምንም የለም። ኦትማር ይወደዋል።"

እታች ጎጆ ምግብ ቤት ነበር። ከእንጨት አጥሩ ማዶ ሙዚቃው ገና ከእኩለ ቀን ጀምሮ ይደበልቃል፤ የሆላንዶቹ ልጆች ቀድመውን ደርሰው ይዘላሉ። ጥግ ይዘን ተቀመጥን። አስተናጋጇ የዱቄት ድቡልቡል ያለበት ሾርባ አመጣችልን። ኮርቢኒያን ጃኬቱን ከፈተ፤ መሣሪያውን ሊያጠፋ ወደ ደረቱ እጁን ሰደደ፤ እጁ ቆመ።

ማዞሪያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ሰይጣን ይውሰደኝ" አለ ቀስ ብሎ። ቀና ሲል ዓይኔን አገኘው። ፊቴ ላይ ያየው ነገር መገረም እንዳልነበረ ገብቶታል። "አንቺ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከላይ።"

"ከላይ!" ጎን ያሉ ሰዎች ዞር አሉ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ማድረጉ ይበልጥ አስፈራኝ። "ከላይ እያወቅሽ ወረድኩ? ያ ነገር ሲሰበር አንቺ እዚያ ላይ ቆመሽ…"

"ታስታውስ እንደሆነ ለማየት ፈልጌ ነው። በየካቲትም አይቼ ነበር። እርግጠኛ ለመሆን…"

"ለመሆን! አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ሚዛን ላይ አወጣሽኝ? የሥጋ ቤት ሚዛን መሰልኩሽ?"

"ኮርቢኒያን…"

"አሥር ሜትር ወደ ቀኝ ቢሰበር ኖሮ በምን ታገኚኝ ነበር? በምን? ደብተርሽን ከፍተሽ?"

ከየካቲት ጀምሮ ስፈራ የኖርኩት የእሱን ስህተት ነበር፤ ዝርዝር ውስጥ ያላስገባሁት የራሴን ነበር። የእሱ መርሳት ነው። የእኔ ግን ነቅቶ፣ ቆጥሮ፣ አሥር ሰከንድ ጠብቆ የተደረገ ነው።

ሾርባው ቀዘቀዘ። ሁለታችንም አልነካነውም።

በመልሱ መንገድ ስለ ጣሪያ አላወራም። ሬገንስቡርግ ስንደርስ ደጃፌ ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ወደ ፊት እያየ፣ "ለእነሱ ከነገርሽ ሁለቱንም ንገሪ" አለኝ። "ግማሹን ብቻ እንዳትነግሪ።"

ሦስት ሳምንት አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ሁለቱን የመንደር ካርታዎች ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፤ ሳልቀመጥ መልሼ አጥፋቸዋለሁ። ሌርሽባህ ቀላሉ መንገድ ነበር። "ዘንድሮ ጉልበቴን ያመኛል" ብል ኦትማር ያጉረመርማል፣ ኢርምትራውድ በአሥራ አንዱ መጠጥ ቤት ትጽናናለች፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። ኮርቢኒያን ብቻ ያውቃል፤ ሰው ፊት ሳልወጣ፣ በለስላሳ ቁልቁለት ተከልዬ መሪነቱን እንደነጠቅሁት ያውቃል። ሃያ ሦስት ዓመት የመራኝን ሰው እንደዚያ ማሰናበት አልቻልኩም። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ሌላ ዓመት ዝም ለማለት የሚሆን ጉልበት ስላልነበረኝ ነው።

በጥር የመጀመሪያ እሑድ ሁላችንም ጠረጴዛችን ላይ ነበርን። ኮርቢኒያን ቀድሞ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ለሰላምታዬ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መለሰ።

"እሺ፣ ፍርዱን አሰሚን" አለ ኦትማር። "ሌርሽባህ ካልሽ ሹራብ መሥሪያ ገዝቼ እመጣለሁ።"

"ኦበርግሪስ" አልኩ።

ኦትማር ጠረጴዛውን መታ። ኢርምትራውድ "ዘጠኙም መጠጥ ቤት ይበቃኛል" አለች።

"አልጨረስኩም። ሳምንቱን ሙሉ የሚመራን ከመንደሩ የተራራ መሪ ቀጥሬያለሁ። ሴት ናት፤ አፍራ ትባላለች፤ እዚያው ነው የተወለደችው። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም እንፈተሻለን። እሷም ጭምር።"

"ቆይ ቆይ" አለ ኦትማር። "ኮርቢኒያን እያለ ሰው ተከራይተን? ምን አገኘሽ አንቺ? ቱሪስት ሆንን እንዴ?"

"ኦትማር፣ ዝም በል" አለች ኢርምትራውድ። እሷ ኮርቢኒያንን እያየች ነበር።

የራሴን አስቀደምኩ። በታኅሣሥ፣ ሸንተረሩ አናት ላይ፣ ኮርቢኒያን ምልክት ሳይልክ ሲወርድ እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። የተሰበረውን በረዶ ስፋት፣ ርቀቱን፣ የቆጠርኩትን አሥር ሰከንድ ነገርኳቸው። ከዚያ የእሱን፤ የታኅሣሡንና የየካቲቱን። ሪፖርት እንደማነብ ነበር የተናገርኩት፤ ሌላ ድምፅ የለኝም።

ኢርምትራውድ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እያወቅሽ?" አለች። "ጌርሊንደ፣ እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው" አለ ኦትማር፤ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ። ወደ ኮርቢኒያን ዞረ። "አንተስ አትናገርም? ውሸት ነው በላት እንጂ።"

"ምኑን ነው ውሸት ነው የምለው?" አለ ኮርቢኒያን። የቢራ ብርጭቆውን ከሥሩ በተነጠፈው ካርቶን ላይ አዞረው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። "ሜሕትሂልድ ከሞተች ወዲህ ብዙ ነገር እረሳለሁ። ምድጃ እረሳለሁ። ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ገበያ ረስቼ በእግሬ ቤት ገባሁ።"

"ለምን አልነገርከንም?" አለች ኢርምትራውድ።

"ለማን? በየዓመቱ 'ኮርቢኒያን እያለ' ስትሉኝ ለማን ልንገር?"

አስተናጋጁ መጥቶ ምን እንደምንበላ ጠየቀ። ለመምረጥ ረጅም ጊዜ ወሰደብን፤ በመጨረሻ አራታችንም አንድ ዓይነት አዘዝን።

ከምሳ በኋላ ወደ መኪና ማቆሚያው ስሄድ ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። ኮርቢኒያን ነበር። ኮፍያውን ሳያደርግ ነው የወጣው፤ ነፋሱ ከወንዙ ይመጣል። አጠገቤ ደርሶ ቆመ፤ ትንሽ ጊዜ ወንዙን አየ።

"ሴትዮዋ ደኅና ናት?" አለ። "መሪዋ።"

"አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች።"

"የእኔን ሸንተረር ታወርደናለች?"

"በረዶው ከፈቀደ።"

"ከፈቀደ" አለ። ራሱን ነቀነቀ። "ልንገርሽ፤ ከፊት ሆኖ መሄድ ይደክማል። ሰው ሁሉ ጀርባህን ያያል፤ አንተ የማንንም ፊት አታይም። ይህን ስል ይቅር አልኩሽ ማለቴ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"አሁንም ተናድጄብሻለሁ። ሌሊት እነቃና እናደዳለሁ።"

"አውቃለሁ፣ ኮርቢኒያን።"

"እመጣለሁ። ግን የመጀመሪያውን ቀን ካቢኑ ውስጥ አጠገቤ እንዳትቀመጪ። ከኦትማር ጋር ተቀመጪ።"

"እሺ። ሁለተኛውንስ?"

ኮፍያውን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፤ ጆሮው ላይ ሳብ ሳብ አደረገው።

"ሁለተኛውን እናያለን" አለና ወደ መኪናው ሄደ።